ጣና የደረቀበት ዘመን

ጣና ደርቆ ያውቃል። የደረቀውም ለአንድ ክፉ በጋ ወይም ለሁለትና ሦስት የድርቅ ዓመታት አልነበረም። ዛሬ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነው ውኃ ጠፍቶ፣ ዓባይ ከምንጩ ተቋርጦ፣ ደቅና ዳጋ ደሴትነታቸው ቀርቶ በደረቅ ሜዳ መካከል ኮረብታ ሆነው የቆሙበት ረጅም ዘመን ነበር። ነገሩ በአፈ ታሪክ አልተወረሰም፤ ያን ጊዜ የነበረ ሰው ያስቀረው ጽሑፍም የለም። ማስረጃው ከሐይቁ ወለል በታች፣ በደለሉ ውስጥ ነው የተገኘው።

በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሄንሪ ላምና ባልደረቦቹ ጣና ላይ በጀልባ ወጡ። የድምፅ ሞገድ ወደ ወለሉ እየላኩ የደለሉን ንብርብር ለዩ፤ ረጅም ቱቦ እያስገቡም ናሙና አወጡ። በዳርቻው አካባቢ ከለስላሳው ደለል ሥር ጠጣርና ደረቅ አፈር አገኙ። በአፈሩ ላይ የክረምት ጎርፍ የቦረቦራቸው የወንዝ መውረጃዎች ይታያሉ። ወንዝ የሐይቅን ወለል ሊቦረቡር የሚችለው ውኃው ከላዩ ሲነሣ ብቻ ነው።

ይበልጥ ያስገረማቸው ግን ከሐይቁ ጥልቅ ቦታ የወጣው ናሙና ነበር። ከተጨመቀው ደረቅ ደለል በላይ የበሰበሰ ደንገል ተነባብሮ ተገኘ። ዛሬ በዳርቻው እየታጨደ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ያን ጊዜ በሐይቁ እምብርት ላይ በቅሎ ነበር ማለት ነው። የቡድኑ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲታተም የዘመኑ ቅደም ተከተል እንዲህ ተቀመጠ። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ፣ ከዛሬ 16,700 ዓመት አንሥቶ እስከ 15,100 ዓመት ድረስ፣ መካከሉ ረግረግና የደንገል ጫካ ነበር። ከዚያ ውኃው እየጨመረ መጣ፤ ነገር ግን መውጫ ስላልነበረው እየተነነ ትንሽ ጨዋማ ሆነ። ይህን የተናገሩት ጨዋማ ውኃ የሚወዱ፣ ዲያቶም የሚባሉ ደቂቅ ዋቅላሚዎች ናቸው። ከዛሬ 14,750 ዓመት በፊት ገደማ ግን ጣና በድንገት ሞልቶ ገነፈለ፤ ውኃው ተመልሶ ጣፈጠ፤ ዓባይም ከጣና መፍሰስ ጀመረ።

የነጭ ዓባይ ምንጭ የሆነው የቪክቶሪያ ሐይቅም ከዛሬ 15,000 ዓመት በፊት ገደማ ድረስ ደርቆ ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ምንጮቹ የተቋረጠው ታላቁ ናይል ለረጅም ዘመን በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ የሚጠፋ ወንዝ ሆኖ ቆይቷል።

የጣና ደለል ሌላም ነገር ያዘለ ነው። ከመጀመሪያው መድረቅ በኋላ ሐይቁ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ባነሰ መጠን፣ ዝቅ ብሏል። ተመራማሪዎቹ በግምት ያስቀመጧቸው ቀኖች ከዛሬ 12,000 እና 8,000 ዓመት በፊት ናቸው። ሦስቱ ቀኖች ለጎጃምና ለበጌምድር ብቻ የሚነገሩ ቢሆኑ ኖሮ ብዙም ባላነጋገሩ ነበር። ነገር ግን እነዚሁ ቀኖች ከአትላንቲክ ወለል በወጣ ደለል፣ ከግሪንላንድ በተቆፈረ በረዶና በካናዳ ሜዳዎች ላይም ይነበባሉ። ጣናን ያደረቀው ነገር መነሻው ከኢትዮጵያ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የበረዶ አገር ነበር።

ኢትዮጵያ የራሷ በረዶ አልነበራትም ማለት አይደለም። በባሌ የሳነቴ አምባ ላይና በስሜን ተራሮች የበረዶ ግግር ያንከባለላቸው ቋጥኞችና የከመራቸው ኮረቶች ዛሬም ይታያሉ። ሆኖም ያ ግግር ትንሽ ነበር፤ የዓለምን ባሕር የሚነቀንቅ አቅም አልነበረውም። አቅም የነበረው በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ላይ የተጋደመው ነው። ከዛሬ 21,000 ዓመት በፊት ገደማ ካናዳን ከሞላ ጎደል የሸፈነው የበረዶ ንጣፍ በአንዳንድ ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው። ይህን ሁሉ በረዶ ለመሥራት ከባሕር የተወሰደው ውኃ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ የዓለም ውቅያኖስ ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር።

እንዲህ ያለ ዘመን መኖሩን ለዓለም አስረግጦ የተናገረው የስዊስ ተወላጁ ሉዊ አጋሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በኑሻቴል ከተማ ለተሰበሰቡ ሊቃውንት በአልፕስ ሸለቆዎች የተበተኑት ግዙፍ ድንጋዮች የበረዶ ግግር ያመጣቸው መሆናቸውን፣ አውሮፓም አንድ ጊዜ በበረዶ ሥር እንደነበረች ሲያስረዳ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ሐሳቡ እየቆየ አሸነፈ። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ሳይንቲስቶች የበረዶው ዘመን ቀስ ብሎ መጣ፣ ቀስ ብሎም ሄደ ብለው ያምኑ ነበር። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ምሕዋር በአሥር ሺዎች ዓመታት ውስጥ በዝግታ ስለሚለዋወጥ የአየር ንብረቱም እንዲሁ በዝግታ ይለወጣል የሚለው ሒሳብ አሳማኝ ነበር።

ይህን እምነት ካናጉት አንዱ ዴንማርካዊው ቪሊ ዳንስጎር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በሚገኘው ቤቱ ግቢ ውስጥ በባዶ የቢራ ጠርሙስ የዝናብ ውኃ አጠራቅሞ መረመረ። በውኃው ውስጥ ያሉት ከባዱና ቀላሉ የኦክስጅን ዓይነቶች ያላቸው ድርሻ እንደ አየሩ ቅዝቃዜና ሙቀት እንደሚለያይ አስተዋለ። እንግዲያው የቆየ ዝናብ ወይም በረዶ የሚያገኝ ሰው የቆየ ሙቀትን መለካት ይችላል። የሺህ ዓመታት በረዶ ደግሞ ሳይነካ የተቀመጠው በግሪንላንድ ነው።

ዕድሉን ያመቻቸለት ቀዝቃዛው ጦርነት ነበር። የአሜሪካ ጦር በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ካምፕ ሴንቸሪ የተባለ ሰፈር ሠርቶ ነበር። ለሕዝብ የተነገረው የምርምር ጣቢያ መሆኑ ሲሆን ከጀርባው ግን የኑክሌር ሚሳኤል በበረዶ ሥር የመደበቅ ዕቅድ ነበረ። ዕቅዱ ከሸፈ፤ ቁፋሮው ግን ፍሬ አፈራ። እ.ኤ.አ. በ1966 መሰርሰሪያው 1,387 ሜትር ወርዶ የበረዶውን መሠረት ነካ። ዳንስጎር ናሙናውን ሲመረምር፣ በኋላም በስዊሱ ሀንስ ኦሽገርና በሌሎች ትብብር በተቆፈሩት ጉድጓዶች ሲያነጻጽር፣ የሙቀቱ መስመር በዝግታ የሚወጣና የሚወርድ ሆኖ አላገኘውም። መስመሩ ይዘላል፤ ይወድቃል። ከዛሬ 11,700 ዓመት በፊት የመጨረሻው የቅዝቃዜ ዘመን ሲያበቃ ግሪንላንድ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በአሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቃለች። በዓመት የሚወርደው በረዶ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል። አንድ ሰው ተወልዶ እስኪያረጅ ድረስ አገሩ ሌላ አገር ሆኖ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

የምድር ምሕዋር እንዲህ በድንገት አይለወጥም። እንግዲያው የዘለለው ምንድን ነው?

መልሱን ብዙዎች ያገኙት በውቅያኖስ ውስጥ ነው። በአትላንቲክ ከሐሩር አካባቢ የሚነሣ ሞቃትና ጨዋማ ውኃ በላይኛው ክፍል ወደ ሰሜን ይጓዛል። ግሪንላንድና ኖርዌይ አጠገብ ሲደርስ ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ጨዋማ ውኃ ይከብዳል፤ ስለሚከብድም ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ ከዚያም በወለሉ በኩል ወደ ደቡብ ይመለሳል። ዛሬ ይህ ጅረት በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያንቀሳቅሳል። በምድር ላይ ያሉት ወንዞች ሁሉ ተደምረው ወደ ባሕር ከሚያፈሱት ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። ምዕራብ አውሮፓ በዚያ ኬክሮስ ከሚጠበቀው በላይ የሚሞቀው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው።

የጅረቱ ደካማ ጎን ጨው ነው። በሚሰምጥበት ቦታ ላይ ጨው አልባ የበረዶ ውኃ ቢፈስስበት የላይኛው ውኃ ይቀልላል፤ የቀለለ ውኃ ቢቀዘቅዝም አይሰምጥም፤ ካልሰመጠ ደግሞ ከደቡብ የሚመጣው ጨዋማ ውኃ ይቀንሳል፤ ይህም የሰሜኑን ባሕር ጨው ይበልጥ ያሳንሰዋል። አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ሄንሪ ስቶመል እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ እንዲህ ያለ የውኃ ዝውውር ሁለት የተረጋጉ ሁኔታዎች ሊኖሩት እንደሚችሉ በቀላል ሒሳብ አሳየ። በሁለቱ መካከል የሚደረገው ሽግግርም ድንገተኛ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ከሃያ ዓመት በላይ ብዙ ትኩረት ሳይሰጠው ቆየ። በ1980ዎቹ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዋላስ ብሮከር የግሪንላንድን ዝላዮች ከዚህ ጅረት መቆምና መነሣት ጋር ሲያያይዝ ግን የስቶመል ሒሳብ ከመደርደሪያ ወረደ።

ማስረጃው ከባሕር ወለል መጣ። ጀርመናዊው ሃርትሙት ሃይንሪክ እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ደለል ውስጥ ሊኖር የማይገባ ጠጠርና ኮረት በየተወሰነ ንብርብር መኖሩን ዘገበ። ከየብስ በዚያን ያህል ርቀት ድንጋይ ሊያደርስ የሚችለው ተንሳፋፊ በረዶ ብቻ ነው። የድንጋዮቹ ዓይነት ሲመረመር አብዛኞቹ በካናዳ ከሀድሰን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የመጡ ሆነው ተገኙ። የካናዳው ንጣፍ በየጊዜው እየተናደ የበረዶ ተራሮችን ወደ አትላንቲክ ይለቅ ነበር። ተራሮቹ ሲቀልጡ ድንጋዩን ወደ ወለል፣ ጨው አልባውን ውኃ ደግሞ ወደ ላይኛው ባሕር ጣሉ። ከእነዚህ መካከል የመጨረሻው ታላቅ ናዳ የደረሰው ከዛሬ 16,800 ዓመት በፊት ገደማ ሲሆን ጣና ደርቆ ከነበረበት ዘመን ጋር ይገጥማል።

ጅረቱ በእርግጥ መዳከሙንስ በምን ማወቅ ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ2004 ጄሪ ማክማነስና ባልደረቦቹ ቤርሙዳ አጠገብ ከወጣ ደለል ውስጥ ፕሮታክቲኒየምና ቶሪየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች መጠን አወዳደሩ። ሁለቱም በባሕር ውስጥ ይፈጠራሉ፤ ቶሪየም ወዲያው ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ፕሮታክቲኒየም ግን ጅረት ካለ ተወስዶ ይርቃል። በዚያ ዘመን ደለል ውስጥ ፕሮታክቲኒየሙ ሳይወሰድ ተከማችቶ ተገኘ። ጥልቁ ውኃ ቆሟል ለማለት የሚያስደፍር ነበር። ጅረቱ መዳከም የጀመረው ከዛሬ 17,500 ዓመት በፊት ገደማ፣ ታላቁ የበረዶ ናዳ ሳይደርስ መሆኑም ታየ። ስለዚህ በረዶው ቀድሞውኑ ሲቀልጥ ያፈሰሰው ውኃ ጅረቱን አዳክሞት ነበር፤ ናዳው ደግሞ ጨርሶ ጣለው።

ከአትላንቲክ ወደ ጎጃም የሚያደርሰው መንገድ ዝናቡ ነው። የምድር የዝናብ ቀበቶ የሚሞቀውን ንፍቀ ክበብ ይከተላል። በሰኔ ወደ ሰሜን ሲወጣ የኢትዮጵያ ክረምት ይገባል፤ በመስከረም ወደ ደቡብ ሲወርድ ክረምቱ ያልቃል። አትላንቲክ ሙቀቱን ወደ ሰሜን ማድረሱን ሲያቆም ሰሜኑ ይቀዘቅዛል፤ ያልተላከው ሙቀት በደቡብ ይቀራል። በዚያው ዘመን አንታርክቲካ ስትሞቅ እንደነበር በረዶዋ ይመሰክራል። ቀበቶው ወደ ደቡብ ያደላል፤ ወደ ኢትዮጵያ ደጋዎች እርጥበት የሚያመጡት ነፋሶችም ይዳከማሉ። ከ14 ሜትር ገደማ የማይበልጥ ጥልቀት ያለው እንደ ጣና ያለ ሰፊ ሐይቅ ክረምቱ ለረጅም ዘመን ሲጎድልበት መትረፊያ የለውም።

ይህን ግንኙነት ቀድመው ከጠረጠሩት መካከል በስምጥ ሸለቆ የሠሩ ጂኦግራፈሮች ይገኛሉ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከበረዶው ዘመን በኋላ በነበረው እርጥብ ጊዜ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። የውኃው ከፍታ 1,670 ሜትር ደርሶ፣ ማለትም ከዛሬው የሻላ ገጽ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ትርፉን ወደ አዋሽ ያፈስስ ነበር። የጥንቱን ዳርቻ ቀን ለማወቅ የቀንድ አውጣዎች ዛጎል አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1983 ጊሌስፒ፣ ስትሪት-ፔሮትና ስዊትሰር ያሳተሙት ጥናት ይህ እርጥብ ዘመን ያልተቋረጠ እንዳልነበር፣ በመካከሉ ሐይቁ በድንገት የሚያሽቆለቁልባቸው የድርቅ ወቅቶች እንደነበሩ አሳየ። በ1990 አሌይን ስትሪት-ፔሮትና አላን ፔሮት የሐሩር አፍሪካ ሐይቆችን መውጣትና መውረድ በቀጥታ ከአትላንቲክ ዝውውር ጋር አያያዙ። የጣና ደለል ከመውጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ በፊት መሆኑ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የጣና መውረድ ከአንድ ሌላ ሐይቅ ታሪክ ጋር ይገናኛሉ። የካናዳው ንጣፍ ወደ ሰሜን እያፈገፈገ ሲሄድ የቀለጠው ውኃ ከፊቱ ተገድቦ ግዙፍ ሐይቅ ፈጠረ። ማኒቶባን፣ የኦንታሪዮን ክፍል፣ ሰሜን ዳኮታንና ሚኒሶታን በየጊዜው የሸፈነው ይህ ሐይቅ አንዳንድ ጊዜ ከዛሬዎቹ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ድምር ይሰፋ ነበር። ዛሬ በስንዴ እርሻው የታወቀው የሬድ ወንዝ ሜዳ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለው የዚያ ሐይቅ ወለል ስለነበር ነው። ጂኦሎጂስቱ ዋረን አፓም እ.ኤ.አ. በ1879፣ አጋሲ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሐይቁን በአጋሲ ስም ጠራው።

አጋሲ ሐይቅ የተገደበው በበረዶ ስለነበር ግድቡ ሲያፈገፍግ ውኃው አዲስ መውጫ ያገኛል። ብሮከር እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ማብራሪያ መሠረት ከዛሬ 12,900 ዓመት በፊት ገደማ ወደ ሚሲሲፒ ይወርድ የነበረው የበረዶ ውኃ በቅዱስ ሎረንስ ወንዝ በኩል ወደ ሰሜን አትላንቲክ ዞረ። በዚያው ጊዜ መሞቅ ጀምሮ የነበረው ሰሜን ተመልሶ በረደ፤ ብርዱም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆየ፤ የጣና ሁለተኛ መውረድም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። የመንገዱ ነገር ግን ሲያከራክር ኖሯል። በቅዱስ ሎረንስ ዳር የሚጠበቀውን ያህል የጎርፍ ምልክት አልተገኘም፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ውኃው በማኬንዚ ወንዝ በኩል ወደ አርክቲክ ወጥቶ ከዚያ ወደ አትላንቲክ እንደደረሰ የሚያሳይ ማስረጃ አቅርበዋል። መንገዱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከዛሬ 14,600 ዓመት በፊት ገደማ ባሕሩ በጥቂት መቶ ዓመታት ከአሥር ሜትር በላይ ሲነሣ ሰሜኑ ሞቃት ነበር። የውኃው ብዛት ብቻውን አይወስንም፤ በየት በኩልና መቼ መግባቱ ይወስናል።

የአጋሲ መጨረሻ ከዛሬ 8,470 ዓመት በፊት ገደማ ደረሰ። በሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ላይ የቀረው የበረዶ ግድብ ተደረመሰና ሐይቁ ወደ ባሕር ተገለበጠ። የፈሰሰው ውኃ እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ኩብ ይገመታል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲሞላ የሚይዘው 74 ኪሎ ሜትር ኩብ ስለሆነ ከሁለት ሺህ በላይ የሕዳሴ ግድቦች ውኃ መሆኑ ነው። ጎርፉ በሀድሰን ወሽመጥ ወለል ላይ ቀይ የደለል ንብርብር ትቶ አልፏል። ግሪንላንድ በሦስት ዲግሪ ገደማ ቀዘቀዘች፤ ቅዝቃዜውም 160 ዓመት ያህል ቆየ። በኦማን ዋሻዎች ውስጥ በጠብታ የሚያድጉት የኖራ ድንጋዮች የሕንድ ውቅያኖስ ሞንሱን በዚያ ጊዜ መዳከሙን መዝግበዋል። በጣና ወለል ላይ በግምት 8,000 ዓመት የተባለው ሦስተኛው መውረድ ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ዛሬ አጋሲን የሚያህል በበረዶ የተገደበ ሐይቅ የለም። ስለዚህ ያለፈው ነገር በዚያው መልክ ይደገማል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ግሪንላንድ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአማካይ በዓመት 270 ቢሊዮን ቶን ያህል በረዶ እያጣች ነው፤ የሚቀልጠውም ጅረቱ በሚሰምጥበት ባሕር ዳር ነው። ከ2004 ጀምሮ በ26.5 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ከባሃማስ እስከ አፍሪካ ዳርቻ የተዘረጉ መለኪያዎች የጅረቱን አቅም ያለማቋረጥ ይመዘግባሉ። ከዚያ በፊት የነበረውን መገመት እንጂ እንዲህ መለካት አይቻልም ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ጅረቱ በዚህ ምዕተ ዓመት መዳከሙ በጣም የሚጠበቅ መሆኑን ገለጸ። እስከ 2100 ድረስ በድንገት ይቆማል ብሎ አይጠብቅም፤ ይህን ያለው ግን በመካከለኛ እርግጠኝነት ብቻ ነው። ለፖሊሲ አውጪዎች በተዘጋጀው ማጠቃለያ ውስጥም ጅረቱ ቢቆም ምን ሊከተል እንደሚችል በግልጽ ተዘርዝሯል፤ የሐሩር ዝናብ ቀበቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ የአፍሪካና የእስያ ሞንሱን ይዳከማል። ስለ ዓባይ ውኃ የሃምሳና የመቶ ዓመት ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በካርቱምና በካይሮ፣ ከክረምቱ መለኪያ ጎን የሰሜን አትላንቲክን መለኪያም ሊከታተል ይገባዋል።